የካሜራው ሰዓትና የዘበኛው ሰዓት፦ በሥራ ቦታ የውስጥ ምርመራ እንዴት ይካሄዳል

ኮምቦልቻ፣ አንድ የጨርቅ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ጥቂት ጣቃ ጠፋ። የዘበኛው መዝገብ «ከሌሊቱ 8፡10 ፒካፕ ወጣ» ይላል። ካሜራው ላይ 8፡10 ስንከፍት የጠዋት ፈረቃ ሲገባ አየን። ዘበኛው ዋሽቷል ተባለ። ሁለት ቀን አንገቱን ደፍቶ ዋለ። በኋላ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ «ካሜራው እኮ በፈረንጅ ሰዓት ነው» አለች። 02፡10 ላይ ፒካፑ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ምርመራው የተበላሸው ጣቃው ከመጥፋቱ በፊት ነበር ማለት ነው።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ያስታርቁ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ቀኑም ያምታታል። ዘበኛው «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» የሚለው ሌሊት፣ ካሜራው ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ሐሙስ ነው። ወሩና ዓመቱማ ጭራሽ ሌላ ነው። በየሳምንቱ ካሜራውን ከስልክ ሰዓት ጋር ያመሳክሩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ የሚዛባበት ካሜራ አለ። ያገኙትን ልዩነት መዝገብ ላይ ያስፍሩ።

ሁለተኛ፣ ቅጂውን ዛሬውኑ ይውሰዱ። ዲስኩ ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል። ማን፣ መቼ እንደቀዳው ተጽፎ ሁለት ሰው ይፈርም።

ሦስተኛ፣ ጉዳዩ አደጋ ከሆነ ሰው ይቅደም። ማሽኑን ያጥፉ፣ የተጎዳውን ወደ ሕክምና ይላኩ። ከዚያ መወልወያ የያዘውን ሰው ያስቁሙ! እኛ ዘይት ሲፈስ ቶሎ ውኃ መድፋት እንወዳለን። ፎርክሊፍቱ የተንሸራተተበት ወለል ከታጠበ፣ ሾፌሩ ፈጥኖ ነው ወይስ ወለሉ አዳልጦት የሚለውን ማን ይመልሳል? ቦታውን በገመድ ይከልሉ፤ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ ያንሱ። የማሽኑ መከለያ ወልቆ ከተገኘም ፎቶ ሳይነሳ አይገጠም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ፎቶው እዚያም ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ሰዎቹን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ፈረቃው ሳይበተን ቢሆን ይመረጣል። የጥበቃ ኃላፊው የራሱን ዘበኛ አይመርምር። በእኛ በወሎ «አብሽር» ትልቅ ቃል ናት፤ በእሷ ይጀምሩ። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ ከማፋጠጥ «ከርክክቡ ጀምሮ ያየኸውን ንገረኝ» ማለት ብዙ ያስገኛል። አምና «ይህ መከለያ ላልቷል» ብሎ ያመለከተ ሠራተኛ ተገሥጾ ከሆነ ግን አብሽርም አይሠራም። ሁሉም «እኔ አላየሁም» ነው የሚልዎት።

አምስተኛ፣ ቀን ይቁጠሩ። ጥፋቱ ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ቢሆን እንኳ፣ አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካለፈ መብቱ ይቀርበታል።

የእኛ ፒካፕ በኋላ ሲጣራ ሕጋዊ የመውጫ ፈቃድ ነበረው። ጣቃው የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ዘበኛውን ቡና ጋበዝነው፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። ካሜራው ማያ ላይ «6 ተቀንሶ ይነበብ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ጽሕፈቱ የእሱ ነው።