የጉርምስና ዘመን መጽሐፋችሁን እንዴት መልሳችሁ ታነባላችሁ?

መጽሐፉን ስትመርጡ የምትኮሩበትን አትፈልጉ። ሰው ፊት ስማቸውን የምንጠራቸው መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ካደግን በኋላ ያነበብናቸው ናቸው። የሚፈለገው በአሥራ አራት፣ በአሥራ ስድስት ዓመታችሁ፣ እናታችሁ «መብራቱን አጥፉና ተኙ» እያለች ሳትጨርሱ ያላስቀመጣችሁት ነው። ትዝ ካላላችሁ ታላቅ እህታችሁን ወይም አብሮ አደጋችሁን «ያኔ ስለ ምን ነበር የማወራው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የኔው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በእሱ አካሄዱን ላሳያችሁ።

መጽሐፉን እጃችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ደብተር አውጥታችሁ የምታስታውሱትን ጻፉ። ይህን አትዝለሉት፤ አንዴ መጽሐፉን ከገለጣችሁ የድሮው ትዝታችሁ ከአዲሱ ንባብ ጋር ተቀላቅሎ አይለይም። ስልክ አትክፈቱ፣ ማጠቃለያ አትፈልጉ። ስለ ታሪኩ ቅደም ተከተልም አትጨነቁ፤ የመጣላችሁን ሰው፣ ቦታ፣ ንግግር እንደ አመጣጡ አስፍሩ። ማን እንዳዋሳችሁ፣ በጋዜጣ ተለብዶ እንደነበር፣ የት ተቀምጣችሁ እንዳነበባችሁ ጨምሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ እንጂ በዓይናቸው ያላነበቡት ብዙ ናቸው፤ በጆሮ የገባውም እኩል ይቆጠራል።

እኔ ስጽፍ ቀድሞ የመጣልኝ ፍቅሩ አልነበረም። የባለታሪኩ የበዛብህ ወላጆች ስለት ነው። ልጁ ምንም ሳያውቅ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት በሱ ሕይወት የተሳሉት ስለት። እንዲህ ሳይጠበቅ ቀድሞ የሚወጣውን ከሥሩ አስምሩበት።

ከዚያ መጽሐፉን ፈልጉ፤ ቢቻል የዚያን ጊዜ እትም። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ስትገዙ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጠሎች መኖራቸውን ሳታዩ አትክፈሉ፤ ቀድመው የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው።

ስታነቡ እርሳስ ያዙ። የምታስታውሱት ነገር በቦታው ካገኛችሁት ጭረት አድርጉ። ጨርሶ የማታስታውሱት ከሆነ ክብ። ታስታውሱት የነበረ ነገር መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በልጅነቷ ባነበበችው ልብ ወለድ ውስጥ ባለታሪኳን የምታጽናና አንዲት አሮጊት ነበረች ትል ነበር። መልሳ ስታነበው አሮጊት የሚባል ሰው የለም። ያን ሰሞን አጠገቧ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት የገዛ አያቷ ናቸው።

በእኔ መጽሐፍ ክቡ የበዛው ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ባላባታቸውን ፊታውራሪ መሸሻን «አንሰጥም» ያሉበት ክፍል ላይ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ዓይኔ የበዛብህን ፍቅረኛ ሰብለወንጌልን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ዛሬ ያን ክፍል ትንፋሼን ውጬ ነው ያነበብኩት።

ቀጥሎ ከሕይወታችሁ ጋር ማገናኘት ነው። «ይህ መጽሐፍ አስተማሪ አደረገኝ» ለማለት አትቸኩሉ፤ እንዲህ ያለው ነገር ለመናገር ይጥማል እንጂ ለማጣራት አይመችም። አንድ የተወሰነ ውሳኔ ያዙ። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ስትመርጥ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ሕክምና፣ ሕክምና» ሲል እኔ «ራሷ ትምረጥ» ብዬ ጸናሁ። ያኔ መጽሐፉ በሐሳቤም አልነበረም፤ ደብተሬ ላይ ቀድሞ የወጣው ግን ያ ስለት ነው። ይህ ብቻውን ስለማይበቃ፣ ከመጽሐፉ በፊት የሚያውቃችሁን ሰው ጠይቁ። ታላቅ ወንድሜን «ድሮም እንዲህ ነበርኩ እንዴ?» ብለው፣ «አንቺማ አባባ ያሉትን ሁሉ እሺ ነበር የምትዪው» አለኝ።

የጎዳችሁንም ጻፉ። መከራ ያልበዛበት ፍቅር ፍቅር አይደለም የሚለውን ስሜት ብዙ እኩዮቼ ከዚሁ መጽሐፍ ይዘው ወጥተዋል። ደራሲው ያንን ይስበኩ አይስበኩ ሌላ ክርክር ነው፤ እኛ ግን በዚያ ዕድሜ የወሰድነው ያንን ነው። አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት የማይሆን ትዳር ውስጥ ዓመታት ቆይተዋል። መጽሐፉን መውደድ ይህን ከመናገር አያግድም።

ቤታችሁ ውስጥ ጎረምሳ ካለ መጽሐፉን ስጡት፤ ደብተራችሁን ግን አታሳዩት። የናንተን ጭረትና ክብ እያየ ካነበበ የሚያነበው እናንተን ነው፤ ስለዚህ ሌላ ቅጂ ግዙለት። ሲጨርስ «ምን ተማርክበት?» አትበሉት፤ ይህን ጥያቄ እኛ አስተማሪዎች በፈተና አሰልችተነዋል። «ማን አናደደህ?» በሉት። መልሱን ከነቀኑ በመጽሐፉ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው እንደናንተ ከትዝታ መጀመር አይኖርበትም።