ከሪቨርስ መርጀር በፊት የሼል ኩባንያን ሒሳብ እንዴት መመርመር ይቻላል?

በአሜሪካ ሥራም ሆነ ከጥሬ ገንዘብ ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት የሌለው ድርጅት ሼል ኩባንያ ይባላል። አንድ የግል ድርጅት አክሲዮኑ በገበያ ላይ ካለ ሼል ጋር ተዋህዶ ባለቤቶቹ አብዛኛውን አክሲዮን ሲረከቡ፣ አካሄዱ ሪቨርስ መርጀር ነው።

በመጀመሪያ 10-ኬ የተባለውን ዓመታዊና 10-ኪው የተባለውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ከኤድጋር (ኩባንያዎች ለመንግሥት ተቆጣጣሪው የሚያስገቡት ሪፖርት ከሚገኝበት ድረ ገጽ) ያውርዱ፤ በነጻ ይገኛሉ። ሻጩ የሚልከው ማጠቃለያ እነዚህን አይተካም።

ቀጥሎ ኦዲተሩን ያጣሩ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ቢኤፍ ቦርገርስ የተባለውን የኦዲት ድርጅት ሲያግድ፣ ደንበኞቹ የነበሩ ኩባንያዎች ሌላ ኦዲተር ፍለጋ መሯሯጥ ግድ ሆኖባቸዋል። ኦዲተሩ ኩባንያው ሥራውን የመቀጠል አቅሙ እንደሚያጠራጥር መጻፉ ግን አያስደንግጥዎ፤ ገቢ በሌለው ድርጅት ላይ የተለመደ ነው።

ዋናው ሥራ ዕዳው ላይ ነው። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ በአንድ መስመር የተቀመጠው ቁጥር ብዙም አይናገርም፤ ጉዳዩ ያለው ከሒሳቡ ጋር በተያያዙት ማብራሪያዎች ውስጥ፣ በተለይም ወደ አክሲዮን በሚቀየሩ ብድሮች ላይ ነው። ለምሳሌ የ50,000 ዶላር ብድር ባለፉት 20 የግብይት ቀናት ከታየው ዝቅተኛ ዋጋ በግማሹ ወደ አክሲዮን ይቀየራል እንበል። ዝቅተኛው ዋጋ 0.01 ዶላር ከሆነ አበዳሪው 10 ሚሊዮን አክሲዮን ይወስዳል፤ ዋጋው ወደ 0.002 ቢወርድ ግን ያው ብድር 50 ሚሊዮን አክሲዮን ይሆናል። ዋጋውን የሚያወርደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአበዳሪው የራሱ ሽያጭ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ብድር ውል አስቀርበው የመቀየሪያ ዋጋውን፣ የተጠራቀመውን ወለድና የመዘግየት ቅጣቱን ያንብቡ፤ የቀሪውን ዕዳ ማረጋገጫ ከሻጩ ሳይሆን ከአበዳሪው በጽሑፍ ይቀበሉ። ሥራ አስኪያጁ የኦዲተርና የጠበቃ ክፍያ ከኪሱ ከፍሎ በብድር ያስመዘገበው ካለ፣ ከውሉ መዝጊያ በፊት እንዲሰረዝ ወይም በተወሰነ የአክሲዮን ቁጥር እንዲተካ ያስፈርሙ። «በቃል ተስማምተናል» የሚል ሼል፣ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ እኔ አልገዛም።

የአክሲዮኑን ብዛት ከአክሲዮን መዝገብ ያዡ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ፤ ያልተከፈለ የክፍለ ግዛት ግብርና የፍርድ ቤት ክርክርም ይፈልጉ።

ሻጩ የተከማቸው ኪሳራ ወደፊት ግብር ይቀንስልዎታል ካለ ዋጋ አይጨምሩበት። በአሜሪካ የግብር ሕግ አንቀጽ 382 መሠረት፣ በ3 ዓመት ውስጥ ባለቤትነቱ ከ50 በመቶ ነጥብ በላይ ከተቀየረ በኪሳራው መጠቀም በእጅጉ ይገደባል፤ የቀድሞው ሥራ ለ2 ዓመት ካልቀጠለ ደግሞ ገደቡ በአብዛኛው ዜሮ ነው።

በመጨረሻም የግል ድርጅቱ ሒሳብ ኦዲት ሳይደረግ የመዝጊያ ቀን አይቁረጡ፤ ውህደቱ በተፈጸመ በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ ሒሳቡ 8-ኬ ከተባለው፣ ዋና ዋና ክስተቶች ከሚገለጹበት ሪፖርት ጋር መቅረብ አለበት፤ ለሌሎች ግዢዎች የሚፈቀደው ተጨማሪ ጊዜ ለሼል አይሰጥም።