የጅማ ልጅ በከሰል ባቡር ባሕር ዳርቻ ሲውል

እኛ ጅማ ያደግን ሰዎች ልጅ ሆነን "ባቡር" ሲባል ትዝ የሚለን የእህል ወፍጮው ነበር። ሃዲድ ከተማችን አልደረሰም። አዲስ አበባ ገብተን "ለገሃር! ለገሃር!" እያለ በሚጣራ ታክሲ ተጋፍተን እንሄዳለን እንጂ፣ ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለትምህርትም ይሁን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ የምትሄዱ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ለእንፋሎት ባቡር መድቡ። እኔ የሄድኩበትን መስመር ልንገራችሁ።

ከፔይንተን እስከ ኪንግስዌር ነው፤ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ። 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ አቅጣጫ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሃዲዱ ኪንግስዌር የደረሰው በ1864 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1972 የመንግሥት ባቡር ድርጅት ሲተወው የግል ኩባንያ ገዛውና እስከ ዛሬ በድንጋይ ከሰል ያስኬደዋል።

ከለንደን የምትነሱ ከሆነ ፓዲንግተን ጣቢያ ነው የምትሳፈሩት። ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ባቡር ደግሞ ኒውተን አቦት ላይ ያስቀይራል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል ግን ልብ ያወልቃል፤ አዳራችሁን እዚያው አካባቢ ብታደርጉ ይሻላል። ኤክሰተርን ካለፋችሁ በኋላ በግራ መስኮት ተቀመጡ። ዶሊሽ ላይ ሃዲዱ ባሕሩ አፍ ላይ ነው ያለው፣ ማዕበሉ ግንቡን ሲመታ ታዩታላችሁ። በየካቲት 2014 ማዕበሉ ግንቡን ንዶ ሃዲዱን አየር ላይ አንጠልጥሎት ነበር፣ መስመሩ የተከፈተው ሚያዝያ ላይ ነው።

ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ፤ በየቀኑ ስለማይሠራ የሚሄድበትን ቀን አረጋግጡ። ከኪንግስዌር ወንዙን ተሻግሮ ዳርትማውዝ ከተማ የሚያደርሰውን ጀልባ ያካተተውን ደርሶ መልስ ነው መግዛት ያለባችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የት ትቀመጣላችሁ? ስትሄዱ ባሕሩ በግራ ነው። ጉድሪንግተን አሸዋ ላይ ልጆች ባልዲ ይዘው እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ እናንተም አውለብልቡ፣ እዚያ ሁሉም ሰው ያውለበልባል። ከዚያ ወደ ቸርስተን ጣቢያ የሚወስደው ዳገት ይጀምራል። ጆሯችሁን ስጡት! ሞተሩ ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ሲንሸራተት የነበረው፣ ዳገቱ ላይ ጢሱን እየተፋ "ቹፍ… ቹፍ… ቹፍ" ማለት ይጀምራል፤ ከፊት ያለው ሰውዬ ከሰሉን በአካፋ እየዛቀ እሳቱ ውስጥ የሚወረውርበት ሰዓት ይሄ ነው። ለዚህ ስትሉ ለሞተሩ ቅርብ የሆነ ፉርጎ ምረጡ። ከቸርስተን በኋላ ዋሻ አለ። ከዋሻው ስትወጡ ባሕሩ ጠፍቶ በቀኝ በኩል የዳርት ወንዝ ከነጀልባዎቹ ብቅ ይላል። ስለዚህ ስትሄዱ በግራ ተቀምጣችሁ ባሕሩን ካያችሁ፣ ስትመለሱ የወንዙን ወገን ያዙ።

ነጭ አትልበሱ። እኔ የአክስቴ ልጅ ፎቶ ያነሳኛል ብዬ በነጭ ሸሚዝ ሄጄ ነበር፤ ዳገቱ ላይ አንገቴን በመስኮት ሳወጣ የከሰል ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባና እስከ ቸርስተን ድረስ ምንም አላየሁም፣ አንገትጌዬም ቡና የፈሰሰበት መሰለ። መስኮቱን መክፈት ይቻላል፣ ራስን ማውጣት ግን ክልክል ነው፣ ጥፋቱ የኔው ነው። ዝናብ ለጅማ ሰው አይነገርም፤ ጃንጥላ ግን ይቅርባችሁ፣ የባሕሩ ንፋስ ገልብጦት ነው የሚሄደው። ኮፍያ ያለው ጃኬት ያዙ።

ኪንግስዌር ስትደርሱ ሰዉ ሁሉ ወደ ጀልባው ይሮጣል። አትሩጡ። ሞተሩ ከፉርጎዎቹ ተፈትቶ በጎን ሃዲድ አልፎ በሌላኛው ጫፍ ሲቀጠል ቆማችሁ እዩ። ዘይት የተቀባ ብረት፣ ትኩስ እንፋሎት፣ እጁ የጠቆረ ሰውዬ። ሰላም ብትሉት ያወራችኋል፤ እኔን "ከየት ነህ?" ብሎኝ ጅማ ስለው ምንም አላለውም፣ "ቡና" ስለው ግን ፊቱ በራ።

ከዚያ በጀልባ ዳርትማውዝ ትሻገራላችሁ፣ ደቂቃዎች ነው። እዚያ ስትደርሱ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፦ ወንዙ ዳር የባቡር ጣቢያ ሆኖ የተሠራ ቤት ታያላችሁ፣ ባቡር ግን አንድም ቀን ደርሶበት አያውቅም። ሃዲዱ ማዶ ቀርቷል። ለኛ ለጅማ ሰዎች ይሄ ጣቢያ ዘመዳችን ነው። ምግብ ውጭ ላይ ከበላችሁ የባሕር ወፎቹን ተጠንቀቁ፣ ከእጅ ነው የሚነጥቁት። እኔ ከቤት በያዝኩት ቆሎ ነው የተረፍኩት።

የመመለሻውን የመጨረሻ ባቡር ሰዓት ጣቢያው ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የሚጻፈው በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ 16:00 ካለ ስድስት ቀንሱለት፣ በኛ አስር ሰዓት ነው። ጀልባው ላይም ወረፋ ስለሚኖር፣ ባቡሩ አስር ሰዓት ላይ ከሆነ ከዘጠኝ ተኩል በፊት ወደ ወንዙ ውረዱ።