ስቶክ ማርኬት በበዓል ሲዘጋ ኦርደራችሁንና ብራችሁን እንዴት ታዘጋጃላችሁ

አንድ ኦክቶበር ላይ ሰኞ ማታ የምከፍለው እቁብ ነበረብኝ፣ ዓርብ ትንሽ ስቶክ (አክሲዮን) ሸጥኩና ብሩ አፑ ላይ ሲታየኝ በቃ ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ወደ ባንክ ላስተላልፍ ስል እምቢ አለኝ። ለካ ኮሎምበስ ደይ ነው፣ ማርኬቱ እየሰራ ነው ባንኩ ግን ዝግ፣ እና ለእቁቡ ዳኛ ይሄን እንዴት እንደማስረዳ ጨነቀኝ። እናንተ እንዳትሸወዱ የአሜሪካው ማርኬት በበዓል ጊዜ እንዴት እንደሚሰራ እና እኔ አሁን ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዝግ ቀኖቹን ስልካችሁ ካላንደር ላይ ጫኑ። ኒውዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅም ናዝዳክም ዝርዝሩን ዌብሳይታቸው ላይ ቀድመው ያወጡታል። በዓመት 10 ናቸው፦ ኒው ይር፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ደይ፣ ፕሬዚደንትስ ደይ፣ ጉድ ፍራይደይ፣ ሜሞሪያል ደይ፣ ጁንቲንዝ (ይሄ የተጨመረው በ2022 ነው)፣ ጁላይ 4፣ ሌበር ደይ፣ ታንክስጊቪንግ እና ክሪስማስ። በዓሉ ቅዳሜ ከዋለ ዓርብ ይዘጋል እሁድ ከዋለ ደሞ ሰኞ፣ ለምሳሌ በ2026 ጁላይ 4 ቅዳሜ ስለሆነ የሚዘጋው ዓርብ ጁላይ 3 ነው። ኒው ይር ቅዳሜ ሲውል ግን ዓርቡን አይዘጉም፣ ዲሴምበር 31 2021 ማርኬቱ እንደማንኛውም ቀን ሲሰራ ነው የዋለው።

የኛ በዓል ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ ከተገናኘም በአጋጣሚ ነው። በ2026 ጥምቀት ከማርቲን ሉተር ኪንግ ደይ ጋር ስለገጠመ ማርኬቱ ዝግ ነበር። ስቅለት ላይ ግን ጉድ ፍራይደይ ተብሎ የተዘጋው ኤፕሪል 3 ሲሆን የኛው ኤፕሪል 10 ነው፣ ሰው ስግደት ላይ እያለ ማርኬቱ እየሰራ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ግማሽ ቀኖቹን ለዩ። የታንክስጊቪንግ ማግስት ዓርብና ዲሴምበር 24 የስራ ቀን ሲሆን፣ እንዲሁም ጁላይ 4 ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ከዋለ ዋዜማው፣ ማርኬቱ በኒውዮርክ ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 4 ሰዓት ፋንታ ከቀኑ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትከታተሉ ደሞ በክረምታቸው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡30 ይከፈትና ግማሽ ቀን ከሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አለቀ፣ ሌላ ጊዜ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስለምትጠብቁ እራት በልቼ እሸጣለሁ ያለ ሰው ተበላ። የዛን ቀን ብቻ የሚያገለግል ኦርደርም (የመግዣ ወይም የመሸጫ ትእዛዝ) በኒውዮርክ 1 ሰዓት ላይ አብሮ ይሞታል።

አሁን ዋናው ነገር፣ በዓሉ ከመግባቱ በፊት ባለው ቀን ክፍት ኦርደሮቻችሁን አንድ በአንድ እዩ። ብዙ ሰው ስቶፕ ሎስ (ዋጋው እዚህ ከወረደ ሽጥልኝ የሚል ኦርደር) አለኝ ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል፣ ግን ማርኬቱ ሲዘጋ ስቶፕ ሎስም ተኝቷል። እንበል 50 ዶላር የገዛችሁት ስቶክ ላይ 47 ስቶፕ አድርጋችኋል፣ ሎንግ ዊኬንዱ (ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ዝግ የሆነበት) ላይ መጥፎ ዜና መጣና ማክሰኞ ጠዋት በ42 ተከፈተ፣ ኦርደራችሁ 47ን አይፈልግም በቃ በ42 አካባቢ ይሸጥላችኋል። ሦስት ቀን የተጠራቀመ ዜና በአንድ ደቂቃ ነው የሚገባው። ኤፕሪል 7 2023ን ውሰዱ፣ ጉድ ፍራይደይ ስለነበር ስቶክ ማርኬቱ ዝግ ነው የመንግስት የስራ ሪፖርት ግን በኒውዮርክ ከጠዋቱ 8፡30 ላይ ወጣ፣ ባለስቶኩ ሰኞ እስኪደርስ እጁን አጣጥፎ ቁጭ። እኔ በበኩሌ ከሎንግ ዊኬንድ በፊት እንቅልፍ የሚነሳኝን ያህል ስቶክ አልይዝም፣ ትንሽ እቀንሳለሁ።

ብር የምትፈልጉ ከሆነ ቀኑን ወደኋላ ቁጠሩ። ከሜይ 28 2024 ጀምሮ የሸጣችሁት ስቶክ ሴትል የሚያደርገው (ሽያጩ ተጠናቆ ብሩ የእናንተ የሚሆነው) በማግስቱ የስራ ቀን ነው፣ ግን ኮሎምበስ ደይና ቬተራንስ ደይ ማርኬቱ እየሰራም ቢሆን ባንክ ዝግ ስለሆነ አይቆጠሩም። ለዛ ነው የኔ የዓርብ ሽያጭ ማክሰኞ ድረስ የተንጠለጠለው፣ እሱ ላይ ወደ ባንክ እስኪገባ የሚፈጀውን ጨምሩበት። ለኪራይም ለእቁብም ቢሆን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ሽጡ።

ኦፕሽን (ስቶክን እስከ አንድ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) የምትነግዱ ደሞ የሚያልቅበትን ቀን አፑ ላይ ገብታችሁ በአይናችሁ እዩ። በ2025 ወርሃዊዎቹ የሚያልቁበት የኤፕሪል ሦስተኛው ዓርብ ጉድ ፍራይደይ ስለነበር ወርሃዊዎቹ ኦፕሽኖች ሐሙስ ኤፕሪል 17 ነው ያለቁት። ማርኬቱ ቢዘጋም የኦፕሽኑ ጊዜ አይቆምም፣ በገዛችሁት ላይ ቀኑ እየተቆጠረ ነው።

ካላንደር ላይ የሌለ መዘጋትም አለ፣ በ2012 ሳንዲ የሚባለው አውሎ ነፋስ ሁለት ቀን ዘግቶታል፣ ጃንዋሪ 9 2025 ደሞ ለፕሬዚደንት ካርተር ሐዘን ተዘግቷል።

በመጨረሻ ከበዓል ማግስት ጠዋት ልክ ሲከፈት፣ በኒውዮርክ 9፡30 ላይ፣ ማርኬት ኦርደር (በተገኘው ዋጋ ግዛ ወይም ሽጥ የሚል) አትምቱ። ዝግ በነበረበት ቀን የተላኩት ኦርደሮች ሁሉ እኩል ይለቀቃሉ ዋጋውም ይዘላል፣ ሊሚት (ከዚህ ዋጋ አይለፍ የሚል) አድርጉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ቡናችሁን እስክትጨርሱ ይረጋጋል።