ማይግሬን ላለበት ሰው ባለቀለም መነጽር፦ አመራረጡና አጠቃቀሙ

ማይግሬን ሲነሳ ከራስ ምታቱ እኩል የሚያሰቃየው ብርሃን ነው። መጋረጃ ይዘጋል፣ ስልክ ይገለበጣል፣ ትራስ ፊት ላይ ይደረጋል። ብዙዎች ደግሞ ሕመሙ በሌለበት ቀን እንኳ ደማቅ መብራት አይስማማቸውም። አጠገባቸው ያለው ሰው «መብራት እንዴት ያማል?» ይላል። ያማል። የምር ያማል።

ታዲያ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥቁሩን የፀሐይ መነጽር ነው። ቤት ውስጥም፣ ቢሮም፣ ገበያ አዳራሽም ያደርገዋል። ለጊዜው እፎይ ያሰኛል። ውሎ አድሮ ግን ያባብሰዋል። ዓይን ጨለማውን ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ድሮ ምንም የማይለው መብራት ሁሉ መውጋት ይጀምራል። ሰውየው ደግሞ የባሰ ጥቁር መነጽር ይፈልጋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ዓላማው ዓለምን ማጨለም አይደለም። የሚያመውን ብርሃን ለይቶ መቀነስ ነው።

የሚያመው የትኛው ብርሃን ነው?

በዓይናችን ውስጥ ከኋላ በኩል ባለው ሬቲና በሚባለው ሽፋን ላይ ቅርጽና ቀለም የምናይባቸው ሴሎች አሉ። ከእነሱ ሌላ ደግሞ ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር የያዙ ሴሎች አሉ። ዋና ሥራቸው ምስል ማሳየት አይደለም። የዓይን ብሌን እንዲጠብና እንዲሰፋ፣ አካላችንም ቀንና ሌሊትን እንዲለይ ያግዛሉ። እነዚህ ሴሎች ከሁሉም በላይ የሚነቁት 480 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች ማይግሬን ያለባቸው ዓይነ ስውራንን አጠኑ። ምስል ማየት ባይችሉም ብርሃን መኖሩን የሚለዩት ሰዎች ሕመማቸው በብርሃን ይባባስ ነበር። ብርሃንን ጨርሶ የማይለዩት ግን ምንም አልተለወጠባቸውም። ተመራማሪዎቹ በአይጦች ላይ ደግሞ መንገዱን ተከተሉት። ከሬቲና የሚነሳው መልእክት ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የራስ ምታቱን ስሜት ከሚያስተላልፉ ሴሎች ጋር ይገናኛል። ብርሃን ራስ ምታቱን የሚያባብስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰውየው እያካበደ አይደለም።

ቀለም የሚለውን ነገር ከሁሉ በላይ ያነሳው ደግሞ ኤፍኤል-41 የሚባለው የመነጽር ቀለም ነው። ሲያዩት ሮዝ፣ ትንሽም ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። የሚቀንሰው በተለይ ከ480 እስከ 520 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊና አረንጓዴማ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ጥናት ማይግሬን ላለባቸው ልጆች ይህን መነጽር ሰጥቶ ለአራት ወራት ተከታተላቸው። በወር በአማካይ 6.2 ጊዜ ይነሳባቸው የነበረው ሕመም ወደ 1.6 ወረደ። ሰማያዊ መነጽር የተሰጣቸው ልጆችም መጀመሪያ ላይ ተሽሏቸው ነበር፤ እነሱ ላይ ግን ለውጡ አልዘለቀም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ልጆች ላይ ነው የተሠራው። ተስፋ ይሰጣል እንጂ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም።

1. መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ

መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት ብርሃን እንዲያማችሁ ያደረገው ማይግሬን መሆኑን አረጋግጡ። የዓይን ድርቀትም ብርሃንን አያስችልም። ዓይን ውስጥ የሚፈጠር ብግነትም እንዲሁ። ዓይናችሁ ቀልቶ የሚያም ከሆነ ወይም ዕይታችሁ ከደበዘዘ በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። በድንገት፣ በሰከንዶች ውስጥ የሚከብድ ራስ ምታት ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅለትም። ትኩሳትና የአንገት መገተር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአነጋገር መጎልደፍ ካለም ያው ነው፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

2. የሚያምዎትን መብራት ይወቁ

ለሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ያዙ። ሲያማችሁ የት ነበራችሁ? ከላይ ያለው መብራት ምን ዓይነት ነበር? ኮምፒውተር ፊት ነበራችሁ ወይስ መንገድ ላይ? ፀሐይ ከመኪና መስታወት ላይ እየነጠረች ነበር? ይህን ሳታውቁ መነጽር መምረጥ በግምት መሄድ ነው።

አንድ ልዩ ትኩረት የሚፈልግ ነገር አለ፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት። የድሮው ዓይነት ባላስት (ለመብራቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ያለው ፍሎረሰንት እንደየአገሩ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ይርገበገባል። ጥራት የሌላቸው ኤልኢዲ አምፖሎችም ይርገበገባሉ። በዓይን አይታይም፤ አንጎል ግን ይሰማዋል። ለማረጋገጥ የስልካችሁን ካሜራ ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ መብራቱን ቅረጹ። ቪዲዮው ላይ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ፣ ወይም ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ካያችሁ ተጠያቂው እሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከመነጽሩ በፊት አምፖሉን ቀይሩ። አንዳንዴ ችግሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

3. ቀለሙን መምረጥ

ለቤት ውስጥ መብራትና ለስክሪን እኔ የምመክረው መጀመሪያ ኤፍኤል-41ን መሞከር ነው። ለማይግሬን የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ነገር ግን «ሮዝ ነው» ተብሎ ብቻ አይገዛም። ሁለት ሮዝ መነጽሮች ለዓይን አንድ ዓይነት መስለው የሚያስገቡት ብርሃን ሊለያይ ይችላል። ሻጩን የሌንሱን የብርሃን ማስተላለፊያ ግራፍ ጠይቁት። መስመሩ ከ480 እስከ 520 ባለው መካከል ጎድጎድ ብሎ መውረድ አለበት። ግራፉን ሊያሳያችሁ ካልቻለ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ለኮምፒውተር ተብለው የሚሸጡት ፈዛዛ ቢጫ ወይም ነጭ መሰል መነጽሮችስ? አብዛኞቹ የሚቀንሱት ከ450 ናኖሜትር በታች ያለውን ነው፤ እሱንም በትንሹ። ማይግሬንን የሚነካው ብርሃን ሳይነካ ያልፋል። ስሙ «ሰማያዊ ብርሃን መከላከያ» ስለሆነ አትሳቱ።

ስለ አረንጓዴም ትጠይቁኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ቦስተን በተሠራ ጥናት ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማና ቀይ ብርሃን ሕመሙን ሲያባብሱ ጠባብ አረንጓዴ ብርሃን ግን በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው የነካው። ጥሩ ግኝት ነው። ግን ሙከራው የተደረገው በተለየ መብራት ነው። ተራ አረንጓዴ መነጽር ሌላውንም ቀለም ያሳልፋል፤ ስለዚህ ያንኑ ውጤት አትጠብቁበት።

ሌላው መንገድ ለግለሰቡ ተለክቶ የሚሠራ ቀለም ነው። ባለሙያው በመሣሪያ የተለያዩ ቀለሞችን እያሳየ ለእናንተ የሚመቸውን ይፈልጋል። በተለይ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ወይም ባለ መስመር ጨርቅ ሲያዩ ለሚረበሹ ሰዎች መሞከሩ አይከፋም።

4. ምን ያህል ይጥቆር?

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። አንድ መነጽር ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ከተቻለ ሁለት ይኑራችሁ።

የመነጽር ጥቁረት ከ0 እስከ 4 በደረጃ ይከፈላል። ለቤት ውስጥ ደረጃ 1 ይበቃል፤ ከ43 እስከ 80 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል። ለፀሐይ ደረጃ 3 ጥሩ ነው፤ ከ8 እስከ 18 በመቶ ያሳልፋል። ደረጃ 4 ግን መኪና ለመንዳት አይፈቀድም። ለውጪ የምትገዙት እስከ 400 ናኖሜትር ድረስ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚከላከል ይሁን። ፖላራይዝድ ከሆነ ደግሞ ከውሃ፣ ከአስፋልትና ከመኪና መስታወት የሚነጥረውን ነጸብራቅ ይቆርጣል። ለአንዳንድ ሰው ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። የስልክ ስክሪን ግን በሆነ አቅጣጫ ሲይዙት ጥቁር ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ አትደንግጡ።

5. ፍሬሙ

ጥሩ ሌንስ በመጥፎ ፍሬም ከንቱ ነው። ብርሃኑ በላይና በጎን ከገባ ሌንሱ ምን ሊያደርግ? መነጽር ቤት ስትሄዱ መነጽሩን አድርጋችሁ፣ አንገታችሁን ሳታነሱ፣ ዓይናችሁን ብቻ ወደ ጣሪያው መብራት አንሱ። አምፖሉ ከፍሬሙ በላይ በቀጥታ ከታያችሁ ሌላ ሞክሩ። ቀጥሎ መስኮት ወይም መብራት ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። የሌንሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የራሳችሁ ዓይን ወይም የመስኮቱ ምስል ከተንጸባረቀ ብርሃን ከኋላ እየገባ ነው። ትልቅና ፊት ላይ ጠጋ የሚል ፍሬም፣ ውስጠኛው ገጽ ላይም ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ይህን ይፈታል።

ክብደቱንም አትርሱ። ማይግሬን ሲነሳ ቆዳ ራሱ ይቆጣል፤ ፀጉር ማበጠር እንኳ የሚያም ጊዜ አለ። ጆሮ ላይ የሚያርፈው የመነጽሩ ክንድ የጆሮ ግንዱን ቆንጥጦ የሚይዝ ከሆነ በጤና ቀን የማይታወቅ ነገር በሕመም ቀን ስቃይ ይሆናል። ቀለል ያለ፣ የማይጨብጥ ፍሬም ምረጡ።

ፓወር ያለው መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ቀለሙን በዚያው ሌንስ ላይ ማሠራት ትችላላችሁ። ለመሞከር ብቻ ከሆነ ግን በላዩ ላይ የሚሰካ ባለቀለም ሌንስ ይቀድማል።

6. መቼ ይደረግ፣ መቼ ይውለቅ

ማይግሬን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነግር አይመጣም። ማዛጋት፣ አንገት መጨምደድ፣ መነጫነጭ፣ አንዳንድ ምግብ ማማር ይቀድመዋል። የራሳችሁን ምልክት ካወቃችሁ መነጽሩን ያኔውኑ አድርጉ። ሕመሙ ከጦፈ በኋላ ከማድረግ በጣም ይለያል። እንደሚያማችሁ የምታውቁት ቦታ የምትሄዱ ከሆነም ከመግባታችሁ በፊት አድርጉት።

መጀመሪያ ስታደርጉት ነጭ ወረቀት ሮዝ ይመስላል። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ አንጎል ይለምደውና ወረቀቱ እንደገና ነጭ ይሆናል። ስታወልቁት ደግሞ ዓለም ለአፍታ አረንጓዴማ ይመስላል። ምንም ችግር የለውም።

ብርሃኑ በሚስማማችሁ ቦታ ግን አውልቁት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ በየሰዓቱ፣ በየክፍሉ የሚደረግ መነጽር ሳታስቡት ወደ ጥገኝነት ይወስዳችኋል። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ማድረግ ለምዳችሁ ከሆነ በአንድ ቀን አትጣሉት። መጀመሪያ በቀለለ ቀለም ተኩት። ከዚያ በቀን ትንሽ ትንሽ ሰዓት ያለ መነጽር ቆዩ፤ መጋረጃውንም በየቀኑ ጥቂት ከፈት አድርጉት። ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ግን ይመለሳል።

በሌሊት ሲነዱ ባለቀለም መነጽር አይደረግም። ከ75 በመቶ በታች ብርሃን የሚያሳልፍ ሌንስ ለምሽትና ለሌሊት መንዳት አይሆንም። በቀንም ቢሆን ከመንዳታችሁ በፊት ቆማችሁ የትራፊክ መብራቱን ቀለሞች በደንብ መለየታችሁን አረጋግጡ።

7. ሠራ ወይስ አልሠራም?

አንድ ጥሩ ቀን አያታላችሁ፤ አንድ መጥፎ ቀንም ተስፋ አያስቆርጣችሁ። ማይግሬን በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት መዝግቡ፦ በወር ስንት ቀን አመማችሁ፣ ስንት ቀን መድኃኒት ወሰዳችሁ፣ ስንት ቀን ከሥራ ወይም ከትምህርት ቀራችሁ። ከዚያ መነጽሩ ከሌለበት ወር ጋር አስተያዩት።

የመድኃኒቱ ቁጥር ለሌላም ይጠቅማል። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉትን የማይግሬን መድኃኒቶች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እዚያ ከደረሳችሁ የመነጽር ቀለም መቀያየር መፍትሔ አይሆንም። መዝገባችሁን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ሕመሙ እንዳይነሳ የሚከላከል ሕክምና ጠይቁ።

ከሦስት ወር በኋላ ለውጥ ካላያችሁ መነጽሩን መተው ትችላላችሁ። ሕመሙ ያው ሆኖ የብርሃኑ ስቃይ ብቻ ቀለል ካለላችሁ ግን እኔ አልተወውም። መደርደሪያ ፊት ቆሞ ዕቃ መምረጥ፣ ስብሰባ ላይ እስከ መጨረሻው መቀመጥ፣ ከልጅ ጋር ፀሐይ ላይ መውጣት የቻለ ሰው መነጽሩ ሥራውን ሠርቶለታል።