የምግብ ማድረቂያ ሠርታችሁ አጋር ለምትፈልጉ፦ ሐምሌን አትዝለሉ

በጥር ጅማ ላይ ሙዝ ማድረቅ ከባድ አይደለም። ፀሐይ አለ። ፈተናው ሐምሌ ነው፤ የታጠበ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ተሰቅሎ አይደርቅም። እኔ የሠራሁት ማድረቂያ ፀሐይንና የቡና ገለባ እሳትን አንድ ላይ ይጠቀማል። ከብየዳ ቤቴ ወጥቶ አንድ ማቀነባበሪያ ቤት እስኪገባ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። እናንተ በአንድ እንድትጨርሱ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ባለሀብት ፊት ቀርቦ "በጣም ጥሩ ያደርቃል" ማለት ዋጋ የለውም። በኪሎ ተናገሩ። ማንጎን እንውሰድ። 10 ኪሎ ስትገዙ ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ 6 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይተርፋል። ከዚያ ውስጥ 83 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 15 በመቶ እርጥበት ላይ ስታወጡት በእጃችሁ የሚቀረው 1.2 ኪሎ ገደማ ነው። ይሄን አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት፣ አጋራችሁ ሚዛኑ ላይ ቆሞ "የቀረው ማንጎዬስ?" ይላችኋል። እኔ ተብያለሁ። ያለቀውን ገለባ፣ የፈጀውን ሰዓት፣ የላጮቹን የቀን ሒሳብም ጻፉበት።

በእጅ ዳብሶ "ደርቋል" ማለትም አይበቃም። ሻጋታ እንዳይበቅል፣ ባለሙያዎች ዋተር አክቲቪቲ የሚሉት፣ ምርቱ ውስጥ ሻጋታ ሊጠቀምበት የሚችል ውሃ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ ልኬት ከ0.6 በታች መውረድ አለበት። ለበርበሬ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ስላለ ነገሩ ይብሳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ የድኅረ ምርት አያያዝ ትምህርት ክፍል አለ። ናሙናችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አማክሯቸው። ከእናንተ አፍ የወጣ ቁጥርና የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር እኩል አይታመኑም።

አጋር ስትመርጡ ገንዘብ ያለውን ሳይሆን እርጥበት ያማረረውን ፈልጉ። ገዢ እያለው ክረምት ላይ በርበሬው ወይም ኮረሪማው የሚሻግትበት ሰው ችግሩን ስለሚያውቀው ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። የሚጠይቃችሁም ቁም ነገር ነው። እኔን የመጀመሪያው ነጋዴ "እህቴ፣ መብራት ሲጠፋስ?" አሉኝ። ገና ሳልመልስ መብራት ጠፋ። ፋኑ ቆመ፤ የላይኞቹ ትሪዎች እርጥብ እንደሆኑ ቀሩ። ተመልሼ ረጅም ጭስ ማውጫ የመሰለ የአየር መሳቢያ ቀጠልኩበት። አሁን ሙቅ አየሩ ያለ ፋንም ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። የገለባው ጭስ ግን በራሱ ቱቦ ነው የሚወጣው፣ ምግቡን አይነካም። ይሄንንም ሳይጠይቋችሁ አሳዩ።

የማድረቂያችሁን የንድፍ ሥዕል በቡና ላይ ጨዋታ አሳልፋችሁ አትስጡ። እኔ ለአንድ ብየዳ ቤት በቃል ብቻ ተማምኜ ሰጠሁ። ከወራት በኋላ ቅጂው ገበያ ላይ ነበር፣ ያውም የአየር መሳቢያው ተቆርጦ። የሰው በርበሬ ሻገተ፤ ወሬው ግን "የእሷ ማድረቂያ አይረባም" ሆኖ ዞረ። ከገንዘቡ በላይ ይሄኛው ነው ያመመኝ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራም ጥበቃ ይሰጣል። ሰርተፊኬቱ ለ5 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉን ስታሳዩ ሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አመልክቱ፣ ሥዕሉን ከዚያ በኋላ አሳዩ። ምስጢር የመጠበቅ ስምምነትም ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ አትፈሩት።

ከዚያ የሙከራ ውል ትጽፋላችሁ። ማሽኑን ወዲያው ለመሸጥ አትቸኩሉ። ማሽኑ የእናንተ ሆኖ እነሱ ግቢ ይቀመጥ፣ እነሱ በኪሎ ይክፈሉ። በየትኛው ኪሎ? እዚህ ላይ ብዙ ተጨቃጭቀናል። በእርጥቡ ኪሎ ካስከፈላችሁ፣ በደንብ ባይደርቅም ገንዘቡ ስለሚገባ እናንተም ትዘናጋላችሁ። በደረቀው ካስከፈላችሁ ደግሞ ውሃ የቀረበት ምርት ስለሚመዝን ያልደረቀው ያተርፋችኋል። እኔ የምመክረው በደረቀው ኪሎ ሆኖ፣ የእርጥበት ጣሪያው በቁጥር እንዲጻፍ ነው። ከጣሪያው ያለፈ አይከፈልበትም። ሙከራው ሐምሌና ነሐሴን ይሸፍን። የተሰበሰበው መረጃ የሁለታችሁም ይሁን። ክረምቱ ሲያልቅ መግዛት ከፈለጉ በስንት እንደሚገዙ አሁኑኑ ተስማሙ።

አንድ መስመር ደግሞ ጨምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የማድረቂያችን ሙቀት በየሌሊቱ ከ55 ዲግሪ ወደ 30 ይወርድ ነበር። እኔ ብየዳውን ፈተሽኩ፣ አጋሬ ገለባውን ጠረጠሩ። ለካ ገለባ እንዲጨምር የተነገረው ዘበኛ በር ይጠብቃል፤ ሌሊት ለሚሠራው ለዚህ ተጨማሪ ሥራ የሚከፍለው አልነበረም። ሌሊት እሳቱን ማን እንደሚጠብቅ፣ በየሁለት ሰዓቱ ሙቀቱን ማን እንደሚመዘግብና ስንት እንደሚከፈለው ከነስሙ ውሉ ላይ አስፍሩ።