ከፍታና ሙቀት በሞተር ጉልበት ላይ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሞተር ሊያቃጥል የሚችለውን ነዳጅ ልክ የሚወስነው ወደ ሲሊንደሩ የገባው አየር ክብደት እንጂ የሚይዘው ቦታ አይደለም። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚከፍተው ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ያን ቦታ የሚሞላው አየር ሲሳሳ ከእሱ ጋር የሚቃጠለው ነዳጅም ስለሚያንስ ጉልበቱ ይወርዳል። ይህ ሲዘነጋ ሹፌሩም መካኒኩም ጤነኛ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውላሉ፤ ከሚባክነው ገንዘብ ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ ያልተበላሸው ሞተር በዚሁ ሂደት መበላሸቱ ነው።

ከስህተቶቹ ሁሉ የተለመደው፣ ከፍታ ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ነው። ድርሻው ከባሕር ዳርቻ እስከ ተራራ ጫፍ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊትና እፍጋት፣ ማለትም በ1 ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ክብደት ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ 1,000 ሜትር ላይ 1.112፣ 2,000 ሜትር ላይ 1.007፣ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 0.909 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቱርቦ (አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል የሚባለው ከዚህ በመነሳት ነው። የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ግን ከፍታን ተከትሎ ስለማይቀንስ፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከአየሩ መሳሳት በጥቂቱ በልጦ ይወርዳል።

ሁለተኛው ስህተት የሙቀትንና የከፍታን ሚና ማምታታት ነው። ቀዝቃዛ አየር እፍጋቱ ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ግፊቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ቢጨምር አየሩ 8 በመቶ ያህል ይሳሳል። ከዚህ በመነሳት ግን ብዙ ሰው «ደጋው ብርድ ስለሆነ ሞተሩ እዚያ ይበረታል» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በባሕር ዳርቻ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት፣ 1 ሜትር ኩብ ደረቅ አየር 1.145 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ፣ በ5 ዲግሪ ብርድ፣ ይኸው አየር ከ1 ኪሎ ግራም ትንሽ ያንሳል። የ30 ዲግሪ ልዩነት እያለ እንኳ ደጋው ላይ ያለው ሞተር ቆላ ካለው 13 በመቶ ያነሰ አየር ያገኛል ማለት ነው። እርጥበትም ጉልበትን በመጠኑ ይቀንሳል፤ የውሃ ተን የኦክስጅንን ቦታ ስለሚሻማ፣ ወበቅ ባለበት ቀን ሞተር ትንሽ መክበዱ ከንቱ ስሜት አይደለም።

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያስከትለው ሦስተኛው ስህተት ነው፦ ጉልበት ሲያንስ ነዳጅ አነሰው ብሎ ነዳጅ መጨመር። ካርቡሬተር፣ ማለትም በአሮጌ መኪኖች ነዳጁን ከአየሩ ጋር የሚያደባልቀው ክፍል፣ የአየሩን ፍሰት እንጂ ክብደቱን መለየት ስለማይችል፣ አየሩ ሲሳሳ የሚለቀውን ነዳጅ በበቂ መጠን አይቀንስም። በባሕር ጠለል ላይ በ14.7 ለ1 የአየርና የነዳጅ ምጣኔ የተስተካከለ ካርቡሬተር 2,000 ሜትር ላይ ሳይነካ ወደ 13.3 ለ1 አካባቢ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ሞተሩ ቀድሞውኑ ነዳጅ በዝቶበታል። ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ ደረቅና ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ከተገኘ፣ ጭሱም ከጠቆረና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ መፍትሔው ነዳጁን መቀነስ እንጂ መጨመር አይደለም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት የመልስ ጉዞ አለ፦ ለደጋ ተብሎ ነዳጁ የተቀነሰለት መኪና ሳይስተካከል ወደ ቆላ ቢወርድ፣ አሁን ደግሞ ነዳጅ አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቫልቭና ፒስተን የሚቃጠሉትም እንዲህ ሲሆን ነው። ሜካኒካል ፓምፕ ያለው አሮጌ የናፍጣ ሞተርም፣ የከፍታ ማካካሻ ካልተገጠመለት፣ ዳገት ላይ የሚለቀው ጥቁር ጭስ ከዚሁ ምክንያት ሊመነጭ ይችላል።

በካርቡሬተር ፋንታ ኢንጄክሽን (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ) ያላቸው መኪኖች በግፊትና በሙቀት ሴንሰሮች አማካኝነት ነዳጁን ራሳቸው ያመጣጥናሉ። ይህን ያዩ ሰዎች ኮምፒውተሩ የጠፋውን ጉልበትም ይመልሳል ብለው ይጠብቃሉ፤ ሳይመለስ ሲቀር ሴንሰር ይቀይራሉ። ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው የአየርና የነዳጅን ምጣኔ ነው፤ የሌለ አየር ሊፈጥር አይችልም።

ቱርቦ ከፍታ አይነካውም የሚለው እምነት ግማሽ እውነት ያዘለ በመሆኑ ይበልጥ ያሳስታል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በጠቅላላ ግፊት 2 ባር ለማድረስ፣ ቱርቦው በባሕር ጠለል ላይ አየሩን በእጥፍ ይጨምቃል፤ የውጭው ግፊት 0.8 ባር ገደማ በሆነበት 2,000 ሜትር ላይ ግን በሁለት ተኩል እጥፍ መጭመቅ አለበት። ለዚህም በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩም ይበልጥ ይግላል፣ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም ሥራው ይበዛበታል። ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ የሚያሳየው ጌጅ 1 ባር ሲል፣ ከፍታ ላይ ጠቅላላው ግፊት 1.8 እንጂ 2 እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ቱርቦው ገና ባልተነሳበት ዝቅተኛ ዙር ደግሞ ትንሽ ሞተር ያለው መኪና ከቦታው ሲነሳ እንደማንኛውም ሞተር ይደክማል። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚካሄደው የፓይክስ ፒክ ውድድር ከ2,800 ሜትር በላይ ተጀምሮ ከ4,300 ሜትር በላይ ይጠናቀቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሮማን ዱማ ከ8 ደቂቃ በታች በመግባት የቦታውን ክብረ ወሰን የሰበረው በኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ከመነሻው እስከ መድረሻው የአየሩ መሳሳት ጉልበቱን አይቀንስበትም።

ጉልበት ለመጨመር ተብሎ ዋናውን የአየር ማጣሪያ ቤት አውጥቶ ክፍት ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር መግጠምም ብዙ ጊዜ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ውጭው 30 ዲግሪ ሆኖ ፊልትሮው ከሞተሩ ጎን 60 ዲግሪ የሞቀ አየር ከሳበ፣ 9 በመቶ ያህል አየር በገዛ እጅ ተጣለ ማለት ነው፤ ድምፁ መጉላቱ ጉልበት የጨመረ ሊያስመስል ይችላል፣ ግን አልጨመረም። ከፍተኛ ኦክቴን፣ ማለትም ማንኳኳትን (ነዳጁ በራሱ ተቀጣጥሎ ሞተሩን ማንኳኳቱን) የመቋቋም ደረጃ፣ ያለው ቤንዚን በራሱ ጉልበት ይሰጣል የሚለው ሐሳብም እንዲሁ መሠረት የለውም። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ከፍታ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚቀንስ የማንኳኳት አደጋው ራሱ ይቀንሳል። ይህ ግን አምራቹ ካዘዘው ኦክቴን በታች ለመቅዳት ፈቃድ አይሆንም፤ በተለይ ግፊቱን መልሶ በሚያመጣው የቱርቦ ሞተር ላይ።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው በአነዳድ ላይ ነው። ዳገት ላይ መኪናው ሲከብድ በከፍተኛ ማርሽ እንደተያዘ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው መርገጥ ጥቅም የለውም፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ቢረገጥም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከውጭው ግፊት በላይ አየር አያገኝም፤ ማርሽ ቀንሶ ዙሩን ማሳደግ ግን በደቂቃ የሚገባውን አየር ይጨምራል። ቀድሞ ለማለፍ ሲታሰብም በቆላ የተለመደው ርቀት አይበቃም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል፦ በቫኪዩም የሚሠራው የፍሬን ማገዣ የሚረዳን በውጭው አየርና በውስጡ ባለው ግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ 3,000 ሜትር ላይ እርዳታው ቆላ ከለመድነው ያንሳል፤ ሞተሩ በማርሽ መኪናውን የመያዝ አቅሙም እንዲሁ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ መኪናው ፍጥነት ሳይዝ፣ በደጋው ከቆላው ልማድ አንድ ዝቅ ያለ ማርሽ ማስገባትና ፍሬኑን ሳያግሉ መውረድ ይገባል።